ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሠዓሊ ስልኳን አውጥታ ሥራዋን አሳየችኝ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ከዚያ በጣቷ ገፋ አድርጋ ሌላ ሥዕል አመጣች። ይሄኛው የእሷ አይደለም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ከዚህ ተነስቼ ነው የሠራሁት። ኮፒ ይባላል እንዴ?» አለችኝ። ሁለቱን እያፈራረቅሁ አየሁ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። አርባ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ይዤ፣ ለዚህች ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለማግኘቴ ገረመኝ። ይኸው አስቤበት ጻፍኩ። ለእናንተም ይሆናል ብዬ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቅ ሠዓሊዎች ጋር አንድ አውደ ርዕይ ላይ ሊቀርብ ነው። ቀኑ ደርሷል፣ ሸራው ግን ባዶ ነው። በጭንቅ ላይ እያለሁ አንድ የቆየ ካላንደር ላይ ያየሁት ፎቶ ትዝ አለኝ። አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንድ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ ሌላው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ገጹን ቀድጄ ከሸራው አጠገብ ለጠፍኩት። በሦስት ሌሊት እንዳለ ገለበጥኩት።

ከዚያ ፈራሁ። ሰው ቢያውቅብኝስ? ስለዚህ የራሴ እንዲመስል መነካካት ጀመርኩ። የልብሱን ቀለም ከግራጫ ወደ ቀይ ቀየርኩ። የወንበሩን መደገፊያ ከፍ አደረግሁ። በስተቀኝ በኩል አንድ ትልቅ መስኮት ጨመርኩ። በመስኮቷማ በጣም ነበር የኮራሁት።

ሥዕሉ ተወደደ። ሰው እየመጣ «እጇን አየኸው?» ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ወደ ማምሻው ላይ አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ሠዓሊ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«መስኮቱ በቀኝ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ፊታቸውን ያበራው ብርሃን ለምን ከግራ መጣ?»

ፎቶው ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነበር። እኔ መስኮት ስጨምር ብርሃኑን አላሰብኩትም። ለነገሩ አይቼውም አላውቅም። ሦስት ሌሊት ሙሉ አፍጥጬበት አላየሁትም! እጄ ይገለብጣል እንጂ ዓይኔ አልሠራም። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እኔ ግን ከተረቱ ጋር ትንሽ ጠብ አለኝ። መጀመሪያ ላይ ያደምቃል እኮ! ችግሩ እሱ ነው። ባያደምቅ ማን ይነካው ነበር?

አሁን «ስለዚህ አትቅዱ» ልላችሁ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ተቃራኒውን ነው የምለው። ቅዱ። እጃችሁ እስኪዝል ቅዱ። ሰው ሥዕልን ከጥንት ጀምሮ የሚማረው በመቅዳት ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በ1793 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) ከተከፈተበት ጊዜ አንስቶ ሠዓሊዎች አዳራሹ ውስጥ ሸራ ዘርግተው የታላላቆቹን ሥራ እንዲቀዱ ይፈቅዳል። ዛሬም ይፈቅዳል። ግን ደንብ አለው። ቅጂው ከዋናው ሥዕል ጋር እኩል መጠን ሊኖረው አይችልም። ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት። የዋናውን ሠዓሊ ፊርማም መቅዳት ክልክል ነው። እዩት እንግዲህ። መቅዳቱን ማንም አልከለከለም። የተከለከለው ቅጂው ሌላ ነገር መስሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ሆላንዳዊውን ሠዓሊ ቫን ጎግን ውሰዱ። በ1887 የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ኅትመቶች በእርሳስ መስመር ከፋፍሎ፣ ካሬ በካሬ እያሰፋ ወደ ሸራ ገልብጧል። ልክ እኛ ተማሪ ሳለን እንደምናደርገው። ከዚያ በ1889 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ የሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ገባ። እንደልቡ ወጥቶ መሥራት በማይችልባቸው ጊዜያት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች የጥቁርና ነጭ ኅትመት ከፊቱ አስቀምጦ ሃያ ያህል ሥዕል ሠራ። አጫጆች፣ ቆፋሪዎች፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር የተኙ ገበሬዎች። አቀማመጡ የሚሌ ነው። ሰዎቹም የሚሌ ናቸው። ቀለሙ ግን ከየትም አልተቀዳም፣ ኅትመቱ ላይ ቀለም የለማ! ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ወደ ቀለም ቋንቋ እንደመተርጎም አድርጎ ገልጾታል። የሙዚቃ ተጫዋች የሌላ ሰው ድርሰት ሲጫወት የራሱን ስሜት እንደሚጨምርበት ማለት ነው። አንዴም «የኔ ሐሳብ ነው» አላለም። የሚሌ መሆኑን እየተናገረ ነው የሠራው።

ቫን ጎግም ቀየረ፣ እኔም ቀየርኩ። ብዛቱን ብትቆጥሩ ምናልባት እኔ እበልጣለሁ። እሱ የቀየረው ያ ሥዕል በእሱ ዓይን ምን እንደሚመስል ለማየት ነው። እኔ መስኮት የጨመርኩት ለመደበቅ ነው። ብዙ ወጣቶች «ስንት ፐርሰንት ብቀይር ኮፒ አይባልም?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሠላሳ ፐርሰንት የሚል ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በየቦታው እሰማዋለሁ። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ፐርሰንቱን ትታችሁ ለምን እንደቀየራችሁት ራሳችሁን ጠይቁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ቫዛሪ እንደተረከው፣ ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1506 አካባቢ ወደ ቬኒስ ሄዶ ጣሊያናዊውን ቀራጭ ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲን ከሰሰ። ራይሞንዲ የዱረርን የእንጨት ኅትመቶች በመዳብ ላይ እየቀረጸ ይሸጥ ነበር። የስሙን መነሻ ፊደላት፣ ያቺን ታዋቂ የ«ኤ» እና «ዲ» ምልክት ሳይቀር አብሮ ቀርጿታል። የከተማዋ መንግሥት የፈረደው ምን መሰላችሁ? ሥዕሉን መቅዳት ይችላል፣ ምልክቱን ግን አይጠቀም። በዛሬው ዓይን ለዱረር ትንሽ ነው። የዛሬው ሕግ ከዚህ ሰፋ ያለ ጥበቃ ይሰጣል። ሐሳብ የማንም ነው፤ ሐሳቡ የተገለጸበት መልክ ግን ባለቤት አለው። እንቅልፍ የወሰዳቸው አሮጊት መሣል የማንም መብት ነው። የዚያን ፎቶግራፈር አሮጊት፣ በዚያ ማዕዘን፣ በዚያ ብርሃን፣ በዚያ በተንጠለጠለ እጅ ገልብጦ መሸጥ ሌላ ነው።

ታዋቂ መሆንም አያድንም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄፍ ኩንስ በ1988 አንድ ቅርጽ አሠራ። ባልና ሚስት ስምንት ቡችሎች ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሐሳቡ የመጣው ፎቶግራፈሩ አርት ሮጀርስ በ1980 ካነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ፎቶው ፖስትካርድ ላይ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ኩንስ ካርዱን ለቅርጽ ሠሪዎቹ ሲልክ የፎቶግራፈሩ የባለቤትነት ማስታወቂያ ያለበትን ክፍል ቀድዶ አወጣው። ሦስቱ ቅጂዎች በድምሩ በ367,000 ዶላር ተሸጡ። ሮጀርስ ከሰሰ፣ በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ኩንስ «ማኅበረሰቡን እየተቸሁ ነው» ብሎ ነበር፣ አልተቀበሉትም። እኔን ግን ከፍርዱ ይልቅ ያስደነገጠችኝ ያቺ የተቀደደች ቁራጭ ነች። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሼፐርድ ፌሪም አለ። በ2008 የኦባማን ታዋቂ ፖስተር የሠራው። መነሻው የዜና ወኪሉ የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶ ነበር። የፎቶውን አጠቃቀም በተመለከተ አከራካሪ ግን ሊከራከሩበት የሚቻል ሐሳብ ነበረው። ምን አደረገ? የተጠቀምኩት ሌላ ፎቶ ነው ብሎ ዋሸ፣ ማስረጃ አጠፋ፣ የሐሰት ፋይል ሠራ። በ2012 ሳይታሰር ሁለት ዓመት በክትትል ሥር እንዲቆይና 25,000 ዶላር እንዲቀጣ ተፈረደበት። የተቀጣው ፖስተሩን በመሥራቱ አልነበረም። ማስረጃውን በመደበቁ ነው።

በሌላ በኩል ፒካሶን እዩ። በ1957 የጥንቱን ስፔናዊ ሠዓሊ የቬላዝኬዝን «ላስ ሜኒናስ» የተባለ ሥዕል ይዞ ቁጭ አለና ከእሱ ተነስቶ 58 ሥዕሎች ያሉት ተከታታይ ሥራ ሠራ። ርዕሱን እንኳ አልቀየረም። ማንም «ሰረቀ» አላለውም። ምን ይደበቃል?

ቬላዝኬዝ ከሞተ ቆይቷል፣ ዝናውም አይነቃነቅም። ይሄም ልዩነት ያመጣል ባይ ነኝ። ከታወቀ ሊቅ መውሰድ አንድ ነገር ነው። በሕይወት ካለ፣ ስሙ ካልታወቀ፣ በሥራው ኪራይ ከሚከፍል ሰው መውሰድ ሌላ። ሁለተኛውን ሕግ ባይከለክለውም እኔ ነውር እለዋለሁ። ለዚህ ነው ሥዕል የሚሠራውን ማሽን «በእከሌ ስታይል ሥራልኝ» ብላችሁ ስታዙ ደስ የማይለኝ። ስታይል በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ ክርክሩ ገና ነው። እከሌ ግን ያንን ስታይል ለማግኘት ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። ስለ ማሽን ከዚህ በላይ አልልም። እኔ የማውቀው እጅ ነው።

እጅ ካልኩ አይቀር፣ በእኔም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት ሽፋን ደብዳቤ የያዘ እጅ ሥዬ ነበር። በኋላ አንድ ሌላ ኅትመት ላይ ያው እጅ ተገልብጦ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ሠዓሊውን አፈላልጌ ደወልኩለት። «የርስዎን ሥራ አይቼው አላውቅም» አለኝ። የዚያች እጅ ቀለበት ጣት ግን ከመሃል ጣቷ ትረዝማለች። እኔ ነኝ ያበላሸኋት! ለማስተካከል ጊዜ አጥቼ እንደዚያው የላክኋት ጣት ናት። ልጁ ስህተቴንም አብሮ ወስዶታል። ተናድጄ ነበር የደወልኩት፣ ሳቄ መጣ።

ለነገሩ ሳይታወቅ መቅዳትም አለ። ብዙ የምታይ ዓይን የማንን እንዳየች ትረሳለች። እኔ ያ ጋሼ ስለ ብርሃኑ ከጠየቁኝ በኋላ አንድ ልማድ ይዣለሁ። የወደድኩትን ሥዕል ደህና አድርጌ አያለሁ። ብርሃኑ ከየት ነው? ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ? ለምን? ከዚያ ሥዕሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ አድራለሁ። በማግሥቱ ከትዝታዬ እሥላለሁ። አጠገቤ ቢሆን እጄ ይሰንፋል። መሳቢያ ውስጥ ሲሆን የቀረኝ ነገር እኔን የነካኝ ብቻ ነው። ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። በጣም ከተመሳሰሉ ያ ወረቀት ልምምድ ነው፣ ከቤት አይወጣም። ስልክ ላይ ከፍቶ እያዩ መሥራት ይቀላል፣ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ የምላችሁ። ከማን እንደተነሳሁ ደግሞ ከሸራው ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ።

ያቺን «ኮፒ ይባላል እንዴ?» ያለችኝን ልጅ ትናንት ደወልኩላት። «ሥዕልሽ ላይ የሴትዮዋን ጀርባ ወደኛ ያዞርሽው ለምንድነው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እናቴ ስትቆጣ እንደዚያ ነው የምትቀመጠው» አለች። ብርሃኑስ ብዬ ጠየቅኋት። ብርሃኑ ላይ ተንተባተበች። «እሱን እዚያው ነው ያየሁት፣ ጋሼ» አለች። እንግዲያው ብርሃኑን እንደገና ሥሪው፣ ስትለጥፊውም የመነሻውን ሠዓሊ ስም ጻፊ አልኳት። እሺ ብላለች።

የእኔ አሮጊት አሁንም አሉ። አልሸጥኳቸውም። ስቱዲዮዬ ጥግ ላይ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆመዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጀርባው «ከፎቶ የተወሰደ» ብዬ ጻፍኩ። የፎቶግራፈሩን ስም ልጨምር ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ያኔ ፎቶውን ከካላንደሩ ስቀድ፣ ስሙ ከታች በትንንሽ ፊደል ታትሞ ነበር። ያቺን ጥግ በመቀስ ቆርጬ የጣልኳት እኔ ነኝ።