ሻይ የጉበትን ስብ ያጥባል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ዓመት፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራዬ ተቀምጦ መዋልን የሚጠይቅ ሲሆን ቁርሴ ብዙ ጊዜ ሳምቡሳ ወይም ባጂያ ነው። በሳምንት አራትና አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ እቀመጣለሁ። አልኮል አልጠጣም። ባለፈው ወር ስመረመር መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) 152፣ በደም ውስጥ ያለው ስብ (ትራይግሊሰራይድ) 290 ሆኖ ተገኘ፤ በአልትራሳውንድም ጉበቴ ላይ ስብ መኖሩ ተነገረኝ። ጓደኞቼ ሻይ ስብ ያጥባል ስለሚሉ በቀን እስከ ስድስት ብርጭቆ እጠጣለሁ። ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ ደግሞ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል አምጥቶልኛል። ልውሰደው? የሐረር ልጅ የሆነችው ባለቤቴ ከቡና ቅጠል የምታፈላልኝ ቁቲስ ይጠቅመኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እንክብሉን አይውሰዱ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ጉበቱ ላይ ችግር እንዳለ የተነገረው ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ የሚውጠው እንክብል በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉ ሲሆን ዋነኛው በምህጻረ ቃል ኢጂሲጂ ይባላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ይህ ንጥረ ነገር በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ፣ የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈሱት ኢንዛይሞች ከፍ ብለው እንደሚገኙ አስታውቋል። ከዚያ ባነሰ መጠን ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎችም አሉ። በፈላ ውሃ ተነክሮ የሚጠጣው ሻይ ግን በአጠቃላይ ለጉበት የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ የእንክብሉን ጠርሙስ ሳይጥሉ ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ መውሰድ ጀምረው ከሆነም ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ይንገሩት።

ጓደኞችዎ የሚሉት ነገር ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስብ ያለበት ምግብ ስንበላ ሐሞት ስቡንና ኮሌስትሮሉን በጥቃቅኑ እየበተነ በአንጀት በኩል እንዲመጠጡ ያመቻቻል፤ የሻይ ካቴኪን በዚህ ሥራ መካከል ስለሚገባ ከኮሌስትሮሉ የተወሰነው ሳይመጠጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። እኛ አዘውትረን የምንጠጣው ጥቁር ሻይ ቅጠሉ በአየር እንዲጠቁር የሚደረግ በመሆኑ አብዛኛው ካቴኪን ወደ ሌሎች ውሑዶች ቢለወጥም፣ ጥቅሙ ጨርሶ አይጠፋም። 11 ጥናቶችንና 821 ሰዎችን ያካተተ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ ጥቁሩም አረንጓዴውም ሻይ ኤልዲኤልን እንደሚቀንሱ አመልክቷል። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. 31 ጥናቶችንና ከ3,300 በላይ ሰዎችን ይዞ አረንጓዴ ሻይን የመረመረ ሰፋ ያለ ግምገማ ያገኘው የኤልዲኤል ቅናሽ በአማካይ 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የእርስዎ 152 ወደ 147 ወይም 148 ይወርዳል ማለት ነው። ቅናሹ እውነት ነው፤ በየጠዋቱ የሚበላውን ሳምቡሳ ለማካካስ ግን አይበቃም።

ስለ ጉበት የሚነገረው ብሩህ ተስፋ በአብዛኛው የተገኘው በአይጦች ላይ ከተሠሩ ሙከራዎች ነው። ስብ የበዛበት መኖ የሚመገቡ አይጦች የሻይ ጭማቂ ሲጨመርላቸው ጉበታቸው ላይ የሚከማቸው ስብ ይቀንሳል፤ የሚሰጣቸው መጠን ግን ከሰውነታቸው ክብደት ጋር ሲነጻጸር አንድ ሰው በቀን ከሚጠጣው ሻይ እጅግ ይበልጣል። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሽ ናቸው፤ ከእነርሱ ላይ ተነሥቶ ሻይ የጉበት ስብ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ይልቅስ እኔን ያስጨነቀኝ በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት ስኳር ነው። በቅርቡ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ አጠገቤ ለነበሩ ደንበኞች ሻይ ሲቀርብ ተመልክቻለሁ፤ በእያንዳንዷ ትንሽ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባል፣ ሻዩ ተጠጥቶ ሲያልቅም ያልሟሟው ስኳር ከሥር ነጭ ሆኖ ይታያል። እርስዎም እንዲሁ የሚጠጡ ከሆነ በስድስት ብርጭቆ 18 ማንኪያ ይሆናል፤ አንዱን ማንኪያ 4 ግራም ብንለው 72 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይመረጣል የሚለው መጠን፣ በሌላ ምግብና መጠጥ የሚገባውን ተጨማሪ ስኳር ጨምሮ፣ በቀን 25 ግራም ገደማ ነው። የስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ሲሆን ይህን የሚያስተናግደው በዋናነት ጉበት ነው፤ ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠውና ከፊሉን እዚያው ያከማቻል፣ ከፊሉን በትራይግሊሰራይድ መልክ ወደ ደም ይልካል። የ290ው ቁጥርና የአልትራሳውንዱ ውጤት ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው። በርጫ ላይ የሚቀርበው ፔርሙስ ደግሞ ስኳሩ አስቀድሞ የተጨመረበት ስለሚሆን ሰው ስንት ማንኪያ እንደጠጣ እንኳ አያውቅም። በአንድ ጊዜ መተው ከከበደዎ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉዱን ከፍ ያድርጉት፤ ምላስ ከምናስበው ፈጥኖ ይለምዳል። ለስላሳ መጠጥ፣ ሐላዋና ሙሸበክም ከዚሁ ሒሳብ ይገባሉ።

ዘይቱም መታየት አለበት። ሳምቡሳና ባጂያ ብዙ ጊዜ የሚጠበሱበት የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው። ሐረር ላይ በጠዋቱ ብርድ ረግቶ የምናየው ዘይት ድሬዳዋ በሙቀቱ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚረጋ ዘይት እንደማይጠቀም አድርጎ ያስባል። ቁርስዎን ወደ ፉል ቢለውጡት፣ ዘይቱና ቅቤው ካልበዛበት፣ የባቄላው አሰር ከሻዩ የተሻለ ያግዝዎታል።

በርጫውን በዝምታ ባልፈው ሙያዬን ያጓደልኩ ይመስለኛል። በሐረር በሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች በሽታው ከሌለባቸው 300 ታካሚዎች ጋር ያነጻጸረና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጫት አብዝቶ መቃም ከበሽታው ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል። በየጊዜው የሚጠጡት ሻይ ይህን አያስቀርልዎትም። የመቃሚያ ቀናትዎን መቀነስ ይጀምሩ፤ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ካላደረጉም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቁቲ የሚፈላው ከቡና ቅጠል ስለሆነ ከላይ ስለ ሻይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች እርሱን አይመለከቱም። ስኳር ሳይገባበት፣ ወተቱም ሳይበዛ ከጠጡት በጣፋጩ ሻይ ቦታ ቢተኩት ደስ ይለኛል። የደም ግፊት ካለብዎ ባለቤትዎ ጨው እንዳይጨምሩበት ይንገሯቸው።

በጉበት ስብ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ነገር ክብደት መቀነስ ነው። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ የጉበቱ ስብ መቀነስ ይጀምራል፤ ለእርስዎ ይህ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ በጉበት ላይ ያለ ብግነትም ሊሻሻል ይችላል። ፀሐዩ ከበረደ በኋላ በእግር መሄድ ከሁሉ የቀለለ መነሻ ነው። ሐኪምዎ የኮሌስትሮል መድኃኒት አዞልዎት ከሆነ ግን ሻይን ተማምነው አያቋርጡት።

ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን ሲደግሙ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይቀምሱ ይሂዱ፤ ጠዋት የተጠጣ ጣፋጭ ሻይና የተበላ ሳምቡሳ ትራይግሊሰራይድን ከፍ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። ያለፈው ምርመራ ከቁርስ በኋላ የተደረገ ከነበረም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት።