ለአንድ በር ሦስት አምላክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ጥንቷ ሮም ስንማር አማልክቷ በሙሉ የግሪኮቹ ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ነው የተቀየረው ተባልን። ዜውስ ጁፒተር ሆነ፣ ሄራ ጁኖ፣ አሬስ ማርስ። እውነት ሮማውያን የራሳቸው የሚሉት አልነበራቸውም?

መልስ፦ ነበራቸው፣ ያውም በሽ በሽ! የተባልከው ግማሹ ልክ ነው። ሮማውያን ከግሪኮች ጋር ሲቀራረቡ የነሱን አማልክት ከራሳቸው ጋር አጣመሩ፣ ተረቱንም የሐውልቱንም መልክ ወሰዱ። አፖሎማ ስሙን እንኳ ሳይቀይር ነው የገባው። የሕክምናውን አምላክ አስክሌፒዮስንም ወረርሽኝ ሲያስጨንቃቸው ከግሪክ አስመጥተው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ291 ቲበር ወንዝ መሃል ባለችው ደሴት ላይ ቤተ መቅደስ ሰጡት።

ግን ማርስን ተመልከት። ግሪኮች አሬስን ብዙም አይወዱትም፣ ደም የጠማው ነገረኛ አድርገው ነው የሚተርኩት። ለሮማውያን ማርስ የከተማዋ መሥራች የሮሙሉስ አባት ነው። ገበሬው እርሻዬን ከበሽታ፣ ከብቴን ከጉዳት ጠብቅልኝ ብሎ የሚለምነውም እሱን ነበር። ታዲያ ይሄ እንዴት አሬስ ይሆናል?

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ትልልቆቹ ሳይሆኑ ደጃፍ ላይ ያሉት ናቸው። ፎርኩሉስ የመዝጊያው፣ ካርዴያ የማጠፊያው፣ ሊሜንቲኑስ የደፉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን አንስቶ ሲነቅፋቸው፣ ለአንድ ቤት ሰው የሆነ በረኛ አንድ ይበቃል፣ እነሱ ግን ሦስት አማልክት አቆሙ ይላል። ነቀፋው ይገባኛል። ግን ማታ በሩን ዘግቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ማጠፊያው እንዳይከዳው የሚሰጋውን ሰውዬ እስቲ አስበው። የስንዴ ዋግም ሮቢጉስ የሚባል አምላክ ነበረው፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ውሻ ይሠዉለትና ሰብላችንን ማርልን ይሉታል።

የምድጃ እሳት አምላክ የሆነችውን ቬስታን ከግሪኳ ሄስቲያ ጋር ያዛምዷታል፣ ስማቸውም ይቀራረባል። ሮም ውስጥ የነበራት ቦታ ግን ሌላ ነው። በክቡ ቤተ መቅደሷ ውስጥ ምስል የለም፣ ያለው እሳት ብቻ ነው። ስድስት ደናግል ይጠብቁታል። ከ6 እስከ 10 ዓመት ሳሉ ተመርጠው 30 ዓመት ያገለግላሉ፣ 10 ሲማሩ፣ 10 ሲሠሩ፣ 10 ሲያስተምሩ። እሳቱ ከጠፋ ተረኛዋ ትገረፋለች፣ አዲሱም እሳት እንጨት ከእንጨት ተፋትጎ ነው የሚወጣው። ጁን ላይ በዓሏ ሲደርስ የከተማዋ እናቶች በባዶ እግራቸው ወደሷ ይሄዱ ነበር።

አሁንም ካልተዋጠልህ ያኑስን ያዝ። ሁለት ፊት ያለው፣ የበርና የመጀመሪያ ነገር ሁሉ አምላክ። ሲጸልዩ ከጁፒተርም በፊት የሚጠሩት እሱን ነው። ሮም ስትዋጋ የመቅደሱ በር ይከፈታል፣ ሰላም ሲሆን ይዘጋል። አውግስጦስ ቄሳር በኔ ዘመን ሦስት ጊዜ እንዲዘጋ ተወሰነ ብሎ አስጽፏል፤ ከሱ በፊት፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የተዘጋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የያኑስን የግሪክ አቻ አምጣ ብትባል አታገኝም፤ ባለቅኔው ኦቪድ ራሱ ግሪክ አንተን የሚተካከል አምላክ የላትም ብሎታል።