መልስ፦ እስረኛውና በሽተኛዋ መርከብ ላይ የሚዋደዱበት ፊልም

«ካቴና የገባበት ወንጀለኛ መርከብ ላይ ከበሽተኛ ሴት ጋር ፍቅር የሚይዘው፣ ብርጭቆ የሚሰብሩበት» ያልከው «ዋን ዌይ ፓሴጅ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣ የዋርነር ብራዘርስ ሥራ፣ ዳይሬክተሩ ታይ ጋርኔት። ተዋናዩ ዊልያም ፓወል የሚጫወተውን ሰው፣ ሞት ተፈርዶበት፣ ፖሊስ ከሆንግ ኮንግ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይወስደዋል። ኬይ ፍራንሲስ የምትጫወታት በሽተኛም ዕድሜዋ ሊያልቅ መሆኑን ታውቃለች። ሁለቱም ጉዳቸውን ይደባበቃሉ።

ብርጭቆው ላይ ልክ ነህ። ጠጥተው ሲጨርሱ አፉን ይሰብሩና እግሮቹን ባንኮኒው ላይ አጣምረው ያስቀምጣሉ። ቃል የለም፣ ኪሽ ብቻ። መጨረሻ ላይ ይህችው ድምፅ ትመለሳለች፤ ካላስታወስከው አልነግርህም።

እኔን ግን የያዘኝ ሆኖሉሉ ላይ ያለው ነው። ሰውዬው ሊያመልጥ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት ሳለ እሷ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች፤ ተሸክሟት ወደ መርከቡ፣ ማለትም ወደ መሰቀያ ገመዱ፣ ይመለሳል። ሰካራሙን ሌባ የሚጫወተው ፍራንክ ማክህዩ ባያስቀን ኖሮ ልቅሶ ቤት ይሆን ነበር። ድርሰቱ ኦስካር አግኝቷል፤ ርዝመቱ ሰባ ደቂቃ አይሞላም።

ስትፈልግ ተጠንቀቅ፦ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተዋናይቷ ሜርል ኦበሮን ጋር እንደገና ተሠርቷል፤ ማክህዩ እዚያም ስላለ ያምታታል። አንተ የምትፈልገው የፊተኛውን ነው።