ተራ ቁጥር 31

ለወጣት መምህራን፣ እንዲሁም መምህር ለመሆን ለምታስቡ፤

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በዚህ ዓመት ማስተማር የጀመረችው የቤቱ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከትምህርት የሚቀር ልጅ አስቸገረኝ። ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅሁት፣ ወላጅ አምጣ አልኩት፣ አላመጣም። ስሙን ልሰርዘው ወይስ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ልታገሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ የሚነሣ፣ መልሱም በመመሪያ ላይ የተጻፈ ነው። እኔ ግን ሲኒዬን አስቀምጬ «እደውልልሻለሁ» ብዬ ተነሣሁ። በረካውን ሳልጠጣ ከቡና የተነሣሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም፤ እናቷም ሳይቀየሙኝ አልቀሩም።

ለ37 ዓመታት አማርኛ አስተምሬ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደኔ ያሉ ሰዎች ለወጣቶች ሲጽፉ ተዘጋጅታችሁ ግቡ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ተማሪ አትሳደቡ ይላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ቀድሞውንም መቀጠር ስላልነበረበት አልፈዋለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የስም መጥሪያ መዝገብ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ነበርኩ። ደመወዜ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ባለዲግሪ በ500 ብር ጀምሮ ነበር፤ የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ለእናቴ ተልኮ፣ የልጃችን ወተት ተገዝቶ የሚተርፈው ለጫማ ማስጠገኛ ያህል ነው። ትምህርት ቤታችን በሁለት ፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ኃላፊ የሆንኩበት የ10ኛ ክፍል ከ70 በላይ ተማሪዎች ነበሩት። ከእነሱ መካከል ተራ ቁጥሩ 31 የሆነ ልጅ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቀው ዘመድ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን ግን ዛሬም ስም ስጠራ በነበረበት ድምፄ እሰማዋለሁ፤ ቁጥር 30ን እጠራለሁ፣ 31 ላይ ከመስኮቱ በኩል በቀስታ «አቤት» ይላል፣ ሰኞ ሰኞ ግን ዝም ነው።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። አካባቢውን ለማታውቁ፣ የባቲ ሰኞ የአንድ ከተማ ገበያ ብቻ አይደለም፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውን ይዞ ይወርዳል፤ እዚያ የማይገናኝ የለም። ልጁ የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። እናትና አባቱን ያጣው በ77ቱ ድርቅ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የዚያ ዓመት ባቲ ደግሞ ገበያ ሳይሆን የመጠለያ ሰፈር ነበረች። አያቲቱ ሰኞ ጨው ይገዛሉ፣ ሳምንቱን ኮምቦልቻ ላይ ይቸረችራሉ። እሱ መሰንቆውን ይዞ ይከተላቸዋል፣ በገበያው ዳርና በጠጅ ቤቱ በር እየተጫወተ የጨው መግዣ የምትጎድለውን ይሞላል። የዚህን ሁሉ አንዲቷንም አላውቅም ነበር። ጠይቄው ስለማላውቅ ነው።

የማውቀው መሰንቆ እንደሚጫወት ብቻ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ቁጭ ብሎ የደጋኑን ጭራ በትንሽ የእጣን ሙጫ ሲያሽ አገኘሁት፤ ከዚያ አንዷን ጭራ ገዝገዝ ሲያደርግ የባቲ ቅኝት ከግድግዳው ሥር ወጣ። ስለ ቅኝት ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ትዝታን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን እያነጻጸሩ የሚተነትኑ ሊቃውንትም አሉ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሰምና ወርቅ ሳስተምርም ሌላው ተማሪ ትርጉሙን በደብተሩ ሲገለብጥ እሱ ፈገግ ብሎ ይቀድመኛል። ወርቁን ፈልፍሎ ማውጣት የአዝማሪ ልጅ ዕለታዊ ሥራው መሆኑን ያኔ አላጤንኩም። በቤት ሥራው ላይ በቀይ እስክሪፕቶ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌለታለሁ። ይቺን ደብተር አስታውሷት።

የዚያን ዓመት መስከረም ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ የታወጀበት ሰሞን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰልፍና ትርኢት ያዘጋጅ ነበር፣ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ። መሰንቆ የሚጫወት ተማሪ አለ ብዬ ለስብሰባ ተናግሬ ስለነበር ልጁን ጠርቼ የሰልፉን መዝሙር አጅብ አልኩት። ጥቂት አስቦ፣ በትሕትና፣ «መምህር፣ ሰልፍ በመሰንቆ አይወጣም» አለኝ። ዛሬ ሳስበው ስለ ሙዚቃ ብቻ የተናገረ ይመስለኛል፤ እውነቱንም ነው፣ የአንዲት ጭራ ለቅሶ ለሠልፈኛ እግር አይሆንም። ያኔ ግን አጠገባችን ሌላ መምህር ቆሞ ነበርና ሰውየው ፊቴን አየኝ። እኔ የፈራሁት የልጁን አነጋገር ሳይሆን የዚያን ሰው አስተያየት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ስጠራ ድምፄ ተለወጠ።

መጋቢት ላይ ኤርትራ ውስጥ የሠራዊቱ ትልቅ ምሽግ የነበረው አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀ። ሬዲዮው ምንም ቢል ወሬው ከመኪና ሾፌሮች ጋር ኮምቦልቻ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወጣቱን በግድ ለጦርነት የሚወስደው አፈሳ በረታ። ተማሪ መሆን ሙሉ ከለላ ባይሆንም ማህተም ያለበት የተማሪ መታወቂያ ኬላ ላይ ብዙ ልጅ አሳልፏል። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ሚያዝያ ላይ ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎች ዝርዝር ተጠየቀ። የልጁ ሰኞዎች ተቆጥረው ደንቡ ከሚፈቅደው አልፈው ተገኙ። ማስመሪያዬን አንሥቼ በተራ ቁጥር 31 ላይ ቀዩን መስመር አሰመርኩ። በእጅ አልሰረዝኩትም፣ በማስመሪያ ነው። ንጹሕ ሥራ እወድ ነበር። መታወቂያውም ተሰብስቦ ቢሮ ገባ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አያቲቱ መጡ። ልጁ ሰኞ ማታ ከባቲ ሲመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ተይዟል፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ባንድ አዳራሽ አለ። ተማሪ ነው የሚል ወረቀት ከመጣ ይለቀቃል ብሏቸዋል አንድ ሰው። ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር በጋዜጣ የተለበደ ደብተር አወጡና ገልጠው «ይኼ የእርስዎ ጽሕፈት አይደለምን? በጣም ጥሩ ይላል ብለው አነበቡልኝ» አሉኝ። የእኔ ጽሕፈት ነበር።

ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ሰውየውን ጨካኝ አድርጌ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። «መዝገቡ በእጅህ ነው፤ መልሰህ ካስገባኸው እፈርማለሁ» አለኝ። ከዚያ በላይ ምን ይበል? መመለስ ግን የተላከውን ዝርዝር ማስተባበል ነው፤ ለምን ሰረዝክ፣ ለምን መለስክ፣ ከማን ጋር ተነጋገርክ የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ያ ከመስከረም ጀምሮ ፊቴን የሚያጠና መምህርም አለ። ቤቴ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅና ያረገዘች ሚስት ነበሩኝ። እነዚህን ምክንያቶች በዚያች ኮሪደር ላይ ሁሉንም ቆጠርኳቸው። አያቲቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ የጧቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እየገባ ነው፣ ልጆቹ እየዘለሏቸው ያልፋሉ። ቀረብ ብዬ «እማማ፣ ነገ ይምጡ» አልኳቸው።

ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉኝ። የወሎን ሰው የምታውቁ ይህ ቃል እንዴት እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔን ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ደብተሩን እንኳ ለምን አልተቀበልሃቸውም?» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ በማግስቱ በጧት መዝገቡን አስተካክዬ፣ ወረቀቱን አጽፌ አስፈረምኩ። ስለዚህ ፈሪ ነበርኩ ብዬ መደምደምም አልችልም፤ ለአንድ ቀን ብቻ ፈራሁ። ልጆቹን የጫኑት መኪኖች ግን ጎህ ሳይቀድ ሄደዋል። አያቲቱ እንዳሉት መጡ፣ ወረቀቱን ሰጠኋቸው፣ አጣጥፈው ደብተሩ ውስጥ አደረጉት። ለምን እንደሚሆን ሁለታችንም አልተናገርንም።

ከልጁ የሰማሁት ነገር የለም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በባዶ እግራቸው፣ ውሃ እየለመኑ በመንገዳችን የሚያልፉትን ልጆች ከደጅ ቆሜ ፊታቸውን አይ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ፊታቸውን ትቼ ግራ እጃቸውን፤ የመሰንቆ ልጅ ጣቶች ይለያሉ። ዝውውር አግኝቼ ከኮምቦልቻ ከመውጣቴ በፊትም ሁለት ሰኞ ባቲ ሄጄ የመሰንቆ ድምፅ በሰማሁበት ሁሉ ቆሜያለሁ። የአያቲቱን ቤት ጠይቄ ወደ ዘመድ ሄደዋል አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ሰው ይሻሻላል ትሉ ይሆናል። የበኩር ልጄ አሥር ዓመት ሲሆነው ክራር ግዛልኝ አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «ትምህርትህን ጨርስ፣ እንጀራ አይሆንህም» ብዬ ከለከልኩት። ይህን ያለው ያን መዝገብ የያዘው እጅ ባለቤት ነው። ዛሬ ልጄ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ በመኪና ማቆሚያ ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፣ በአርባ ዓመቱ ክራር ተማረ። እሑድ ሲደውል ስልኩን አስደግፎ ይጫወትልኛል፤ ባቲ ላይ ሲደርስ «በል ይብቃህ፣ ስልክ ይቆጥርብሃል» እለዋለሁ። በኢንተርኔት ስለሆነ ምንም እንደማይቆጥር ደጋግሞ አስረድቶኛል።

ስለ ፖለቲካ ወጣት መምህራን ሲጠይቁኝ «ራቁ፣ ሥራችሁን ሥሩ» እል ነበር። ምክሩን ዛሬም አልተውኩትም፤ በየዘመኑ የየወንበሩን መፈክር በየተራ ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር ምን እንደሚመስል አይቻለሁና። ነገር ግን እኔ ርቄ፣ ሥራዬን ሠርቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ ነው ያ የሆነው። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም፣ ስለዚህ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ሥራን ቤት አታስገቡ የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ ባለቤቴን ማታ ሳይሆን ቀን፣ ከኮሪደሩ ሮጬ ሄጄ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ መልሷን አውቀዋለሁ።

በእናንተ ላይ ቅሬታ የለኝም አልልም። ክፍል ገብታችሁ ስልክ ታያላችሁ፤ ተማሪው ከእናንተ ነው የተማረው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር ብዙዎቻችሁ ጥፋቱን በወላጅ፣ በመጽሐፍ፣ በፕላዝማ ዘመን አሳበባችሁ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው ሲመጣ እኔም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እንደ ተማሪ ያዳመጥኩ ነኝና ማሳበቡ ይገባኛል። ሆኖም አንድ ነገር ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ከመሰረዛችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ማን ይጠየቅ ነበር? ምናልባት ባልደረባ። ባልደረባው ግን ፊትህን ያጠና ነበር።

ለጎረቤቴ ልጅ ትናንት ደወልኩላት። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «የሚቀረው ስንት ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፣ ቁጥሩን ወዲያው ነገረችኝ። «የትኞቹን ቀናት ነው?» ስላት ዝም አለች። የወረቀት ድምፅ ተሰማኝ፣ ገጽ ስትገልጥ።

«ጋሼ፣» አለች ቆይታ፣ «ሁሉም ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ የት ይውላል?»

«አላውቅም።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ከሰዓት ክፍል የላትም፤ ሰፈሩን ታውቀዋለች፣ ቤቱን ግን አታውቅም፤ አብሬሽ ልሂድ ብያታለሁ።