መልስ፦ ክሬሙ ፍርፋሪ እየያዘ አልስተካከል አለኝ

አብሽሪ እህቴ። ኮምቦልቻ ሆነሽ ኬክ ስትቀቢ ክሬሙ ፍርፋሪ እየያዘ፣ ከጎኑም እየተንሸራተተ አስቸገረኝ ብለሻል። መንሸራተቱ ከሙቀት ነው፤ ኬኩ ለብ እንዳለ ከተቀባ ቅቤው ይቀልጣል። በደንብ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፤ ይጠብቃል፣ ብዙም አይፈረፈርም። ጉብ ያለውን አናቱን በዳቦ ቢላ ቆርጠሽ፣ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች ገልብጪው።

ለክሬሙ 250 ግራም የገበታ ቅቤ (የነጠረ አይሆንም)፣ 500 ግራም የተነፋ ዱቄት ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት። ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ራሱ ያላላዋል፣ ቀዝቃዛው ደሴ ቢሆን 3ኛ ማንኪያም ሊፈልግ ይችላል።

ዋናው ነገር የመጀመሪያው ቅብ ነው። ኬኩ ከስር እስኪታይ ስስ ይሁን፤ ሥራው ፍርፋሪውን ማሰር ብቻ ነው። ቢላው ላይ የቀረውን ክሬም ወደ ሳህኑ እንዳትመልሺ፣ ፍርፋሪው የሚዛመተው በዚህ ነው። 30 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ቆይቶ ጣት ላይ አልጣበቅ ሲል፣ ሁለተኛውን በርከት አድርገሽ ጫኚ። ከዚያ ንጹህ የፕላስቲክ ማስመሪያ ጎኑ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢና፣ እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ ኬኩን አዙሪ። ዙሩ ሳያልቅ ካነሳሽው መስመር ይቀራል። ጠርዙ ላይ የተረፈውን ከውጭ ወደ መሃል ሳቢው፣ በየስቡም ማስመሪያውን ጥረጊ።

ትንንሽ ቀዳዳ ከበዛ ሚክሰሩ አየር አስገብቶበታል፤ በእንጨት ማንኪያ 2 ደቂቃ በቀስታ አማስይው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ደግሞ አትታገይ፣ ማለዳ በቀዝቃዛው ቀቢው።