እንጦጦ ላይ ለመሥራት ለምትወጡ ልጆች

በደን፣ በእጽዋት ጥናት ወይም በመናፈሻ ዲዛይን ተመርቃችሁ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንጦጦ ላይ ምን እንትከል?» መልሴ ብዙዎቻችሁን እንደማያረካ ፊታችሁ ይነግረኛል። መጀመሪያ ምንም አትትከሉ። ውጡና ተራራው ራሱ ምን እያበቀለ እንደሆነ እዩ። ለምን እንዲህ እንደምል ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

የእንጦጦ ፓርክ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ይሁን እንጂ ቦታው የአዲስ አበባ ታላቅ ነው። ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙት እዚያ ላይ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ተራራው ማገዶና የቤት እንጨት አቅራቢ ሆኖ ቀረ። ጽዱም ወይራውም ተቆርጦ አለቀና መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ባሕር ዛፍ የመጣው በዚህ ጭንቅ መካከል፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ቶሎ ደረሰ፣ ሲቆርጡት አቆጠቆጠ፣ ከተማውም ከቦታው ሳይነቀል ቀረ። ስለዚህ «ወራሪ፣ ጠላት» እያላችሁ ስትረግሙት ከልብ አልስማማም። ውሃ ይጠጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ከተማዋንም አቆይቷታል። በድሮው ቤተ መንግሥትና በአድባራቱ ዙሪያ ያሉት ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው አሮጌ ባሕር ዛፎች በእኔ እምነት እንደ ቅርስ ይቁጠሩ እንጂ መጋዝ አይንካቸው።

«ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም» የሚለውን አባባል ትምህርት ቤትም ሰምታችኋል፣ ታክሲ ውስጥም ሰምታችኋል። አንድ ቀን ሁለት ቦታ አወዳድሩ። አንደኛው በየቀኑ ቅጠል የሚጠረግበት፣ ከብትና ፍየል የሚገባበት ይሁን። መሬቱ የተጠረገ ግቢ ይመስላል፤ ቀይ አፈር፣ የተላጠ ሥር፣ ዝናብ የቦረቦረው መስመር። ሁለተኛው ለጥቂት ዓመታት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሆነ ይሁን። እዚያ ተንበርከኩ፤ ቆማችሁ አታዩትም። ቅጠሉን በጣታችሁ ገለጥ ስታደርጉ ከስንዝር የማይበልጥ የሀበሻ ጽድ፣ ቅጠሉ ከታች ነጣ ያለ የወይራ ቡቃያ፣ ቀጨሞ፣ አጣጥ፣ ክትክታ ታገኛላችሁ። የጽድንና የወይራን ፍሬ የበላ ወፍ በባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ፍሬውን እዚያው ጣለው፤ ዘሩም ጥላና እርጥበት አገኘ። መሬቱን ያራቆተው በአብዛኛው መጥረጊያውና የከብቱ ኮቴ ሆኖ ሳለ ወንጀሉ ሁሉ በዛፉ ላይ ተላከከ።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ይህን ቡቃያ መፈለግ፣ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ከላዩ ያለውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ማሳሳት። ቀስ በቀስ የምለው በምክንያት ነው። ተዳፋቱን በአንድ በጋ ሙልጭ አድርጋችሁ ብትቆርጡ ሐምሌ ሲገባ አፈሩ የቀበናንና የቀጨኔን ወንዞች ይዞ ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ታች ያለው ሕዝብ ደግሞ ስለ ሥነ ምኅዳር ያላችሁን በጎ ሐሳብ አያውቅም፣ ደጁ የገባውን ጎርፍ ነው የሚያውቀው። ጉቶውም ዝም ብሎ አይተኛም። ከአንዱ ግንድ ፋንታ አምስት ስድስት ቀጫጭን አጠና ያወጣል፣ ጥላውም ከበፊቱ ይብሳል። የቆረጣችሁትን ጉቶ ልጡን እስከ መሬት መላጥ፣ የሚያቆጠቁጠውንም እየተመላለሱ መስበር አለባችሁ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰውም የለም።

ጥናቱን ጥቅምት ላይ አድርጉት። ዝናቡ ቆሟል፣ ቡቃያውም ገና በፀሐይ አልደረቀም። ስሙን የማታውቁት ተክል ሲያጋጥማችሁ ቅርንጫፉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው በጋዜጣ መካከል ተጭናችሁ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ውሰዱት። ከስልክ ፎቶ ላይ መገመት ይቅርባችሁ። ሌላው መማሪያችሁ የአድባራቱ ቅጥር ግቢ ነው። የድሮው ደን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት፣ የቆዩ ቤተ ክርስቲያኖችን ዛፎች ይቁጠር፤ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ፣ ጫማ በሚወለቅበትም አውልቃችሁ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም አለላችሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ግቢ ነው። የባሕር ዛፍን ቦታ ለአገር በቀል ዛፍ ማስለቀቅ ስንት ዓመት እንደሚጠይቅ እዚያ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ወደ መትከሉ እንምጣ፤ አንዳንድ ቦታ በእርግጥም መትከል ግድ ይላል። ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በአቅራቢያው ከሌለ ወፍም አያመጣውም። ኮሶ ብርሃን ይወዳል፣ ጥላ ሥር ብትተክሉት ይሞታል፤ ዝግባ ደግሞ ገና ሳለ ጥላ ይሻል። ሁለቱን በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት፣ በአንድ ቀን የሚያስተክል ፕላን ካያችሁ ያወጣው ሰው ዛፎቹን አያውቃቸውም ማለት ነው። ላይኛው ዳገት ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ገላጣ ላይ የቆመ ለጋ ችግኝ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። እናንተ «ቁጥቋጦ ይጽዳ» ብላችሁ የምታስመነጥሩት ቀጋና አስታ ከውርጭ የሚከልለው፣ በቀጋው እሾህም ፍየል የሚያባርረው እሱ ነው። ችግኛችሁን ከቀጋው ጎን ትከሉት። አያምርም፣ ጎብኚም «ለምን አልተመነጠረም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አስረዱት።

ችግኝ ስትረከቡ ደግሞ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ «ጽድ» ተብሎ የሚጫንላችሁ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። ፍሬ ካለው እናት ዛፉ አጠገብ ብትቆሙ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የሀበሻው ፍሬ ሥጋ ያለው፣ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ነው፣ የፈረንጁ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው። ችግኝ ላይ ግን ፍሬ ስለማይገኝ ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ችግኝ ጣቢያውን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከየመኪናው ጥቂቶቹን አውርዳችሁ ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱ። ጣቢያ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከፕላስቲኩ ግርጌ ተጠምዝዞ ቀለበት ሠርቷል። እንዲህ ያለው መጀመሪያ ይጸድቃል፣ ቁመቱም ያስደስታል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል ወይም ከጫፉ ይደርቃል። መልሱት። የሚጫነውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚረከብ ባለሙያ ቆይቶ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ አቅራቢው በዚያን ጊዜ ሌላ ጨረታ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ችግኝ በየዘመቻው ማግስት ሞልቷል፤ የጉድጓዱን አፈር ጫር ብታደርጉ ታዩታላችሁ።

ከሁሉ የከበደውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ያንን የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚጠርጉት እናቶች ናቸው። ጀርባቸው ታጥፎ፣ ከቁመታቸው የሚሰፋ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው በሽሮ ሜዳ በኩል ሲወርዱ አይታችኋል። ቅጠሉ የእንጀራ ምጣድ ማሞቂያ ነው፣ ሽያጩ የልጆች ደብተር ነው። «ንክኪ ነፃ» ብላችሁ የምታጥሩት እያንዳንዱ ቦታ ከእነሱ ጓዳ ላይ የሚነሳ ነው፤ ለዚህ መልስ ሳታዘጋጁ የምታጥሩት አጥር ሌሊት ይፈርሳል፣ ቢፈርስም አይፈረድባቸውም። እኔ የምመክረው የማሳሳቱን፣ ጉቶ የመላጡን፣ የመኮትኮቱንና በበጋ ውሃ የማጠጣቱን ሥራ መጀመሪያ ለእነሱ እንድትሰጡ ነው። ሲሳሳ የሚወርደውን ቅርንጫፍም እነሱ ይውሰዱት። ተራራውን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ የትኛው ሸንተረር ላይ ጽድ እንደበቀለ የምትነግራችሁ እናት ታገኛላችሁ። ስታነጋግሯቸው «እማማ» በሉ፣ ቅጽ አትዘርጉባቸው፣ ሸክማቸውን እስኪያወርዱ ጠብቁ።

ይህ ሁሉ በጀት ይፈልጋል፣ በጀቱ ደግሞ ለተከላ ብቻ ይመደባል። ሐምሌ ላይ ገንዘብ አለ፤ መጋቢት ላይ፣ ችግኙ ውሃ ሲጠማው፣ የለም። ስለዚህ የሥራ ውሉ ሲረቀቅ ከጠረጴዛው አትጥፉ። ክፍያው በተተከለው ቁጥር ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ በተቆጠረው የጽድቀት መጠን እንዲሆን፣ ተፈጥሮ ያበቀለውና ተከልሎ ያደገው ቡቃያም እንደ ተተከለ እንዲቆጠር አንቀጽ ይግባበት። ይህችን የመጨረሻዋን ማስገባት ቀላል አይደለም፤ «ያልተከላችሁትን እንዴት እንከፍላችኋለን?» ትባላላችሁ። የጥቅምቱን ካርታችሁን ይዛችሁ ግቡና የገንዘብ ኃላፊውን አንድ ቀን ይዛችሁት ወደ ተራራው ውጡ።