መስታወትን ውሃ ምን ያደርገዋል?

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ ፋይበር ኦፕቲክ ለመዘርጋት፣ ለመቀጠልና ለመጠገን ለምትሰለጥኑ ልጆቼ፤

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ስልጠና ላይ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። ታዲያ ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል ብለን ነው ይህን ያህል የምንጨነቀው?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሰዓቱ ስላለቀ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ወረድኩ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሆነውን ሳልነግራቸው ስለቀረሁ ግን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ በግማሽ ልክ ናት። መልእክቱን የሚሸከመው ብርሃን የሚጓዘው በመስታወቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ፋይበር ዛሬ ይሠራል። ነገም ይሠራል፤ ምናልባት ለከርሞም ይሠራል። መዳብ እንዲህ አልነበረም። የመዳብ ኬብል ትንሽ ውሃ ከገባበት በዚያው ቀን ይጮኻል፤ ስልኩ ይንጫጫል፣ የአንዱ ወሬ ከሌላው ይደባለቃል፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይቆጣል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ደሴ የነበሩት አንጋፋ ኬብል ቀጣዮች፣ ሽቦው የተጠቀለለበት ወረቀት እርጥበት መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ቁራጭ ወስደው በጋለ ፓራፊን ውስጥ ይጥሉ ነበር። እርጥብ ከሆነ ይንጨረጨራል፣ አረፋ ይደፍቃል። እኛ ጀማሪዎቹ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን፣ ከአንጋፋዎቹ አንዱ «ዝም በሉ!» እያሉ ጆሯቸውን ወደ መጥበሻው ሲያዘነብሉ አሁንም ይታየኛል። ፋይበር ውስጥ የገባ ውሃ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ይኸኛው ነው።

የመስታወቱ ክር ውፍረት 125 ማይክሮን ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ገጽታው ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አይጠፉም፤ ደረቅና ያልተወጠረ እስከሆነ ድረስ ባሉበት ይቆያሉ። ጠበብ ብሎ በታጠፈ ፋይበር ላይ ውሃ ሲደርስ ግን በስንጥቁ ጫፍ የሲሊኮንንና የኦክስጅንን ትስስር እየፈታ ስንጥቁን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ማንም ሳይነካው አንድ ሌሊት ይበጠሳል። መስታወቱን የሚጠብቀው ቅብ ውሃ ውስጥ ሲከርም ይለሰልሳል፣ ይላቀቃል። ብረት ሲዝግ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ወደ መስታወቱ ሰርጎ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ደጋ ላይ ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ ክሎዠር፣ ማለትም የፋይበር መቀጠያው በሚታሸግበት ሳጥን፣ ውስጥ የቀረ ውሃ ደግሞ በውርጭ ሌሊት በረዶ ሆኖ ፋይበሩን ይጨምቀዋል። በ1383 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አካባቢ ብርሃን በብዛት ስለሚጠፋበት «የውሃ ጉብታ» የተማራችሁት ሌላ ጉዳይ ነው። እርሱ መስታወቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀር የእርጥበት ርዝራዥ ነው፤ ጂ.652ዲ የሚባለው ፋይበር ከዚያ ጣጣ ነጻ ነው። ይህን ሰምቶ «የእኛ ፋይበር ውሃ አይፈራም» ያለኝ ዲግሪ ያለው ወጣት አጋጥሞኛል።

ወደ ሐረጎ ልመለስ። ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ ቁልቁለት በሚወርድ አንድ መስመር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ምልክቱ መድከም ጀመረ። አልተቋረጠም፤ ደከመ። ከደሴ በኩል በኦቲዲአር፣ ብርሃን ልኮ ጉዳቱ ያለበትን ርቀት በሚለካው መሣሪያ፣ አየነውና ርቀቱን አወቅን። አለቃችን ያንኑ ርቀት በመለኪያ ጎማ መሬት ላይ ሲያስለካ፣ ነጥቡ አንድ አርሶ አደር በዚያው ክረምት በቆፈሩት የውሃ መውረጃ ቦይ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

ሰውየው ተጠሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቦዩ ዳር ቆሙ። «ልጄ፣ ይህ ገመድ ሲቀበር አሸዋውን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ አለቃችንን። «በቀን ሠራተኛነት ሠርቼ ገንዘቤን ተቀብያለሁ። የት እንዳለ ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ቦዬ ከጉልበቴ አያልፍም፤ ገመዳችሁ ከወገቤ በታች ነው።» ሲቆፈር ግን የኬብሉ ልባስ ላይ ጭረት ተገኘ። ሲዘረጋ ድንጋይ የጫረው ይሁን ዶማ የነካው የሚለይ አልነበረም፤ ለተቆጣ ሰው ግን ጭረት ጭረት ነው።

እኔ አልተዋጠልኝም። ዶማ የሚመታው አንድ ቀን ነው፤ ይህ ጉዳት ግን በየሳምንቱ እየጨመረ ነበር። ደግሞም ኦቲዲአር የሚለካው የፋይበሩን ርዝመት እንጂ የመሬቱን አይደለም። ፋይበሩ በኬብሉ ውስጥ ባለችው ቀጭን ቱቦ ላላ ብሎ ስለሚተኛ ከኬብሉ ትንሽ ይረዝማል፤ በየማንሆሉ፣ ማለትም ኬብል በሚቀጠልበት የመሬት ውስጥ ጉድጓድ፣ ደግሞ ለመጠባበቂያ ተጠቅልሎ የሚተው ኬብል አለ። ያን ሁሉ ሳይቀንስ መሬት ላይ የለካ ሰው እውነተኛውን ቦታ አልፎ ይሄዳል። ይህን ተናገርኩ። «ቦዩን አታየውም ወይ?» ተባልኩ። ከቦዩ ሽቅብ ብዙም ሳይርቅ አንድ ክሎዠር ያለበት ማንሆል ነበር፤ የሚከፍተው አልተገኘም። አገልግሎቱ በኬብሉ ውስጥ ወዳሉ የተሻሉ ፋይበሮች ተዛወረ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሰውየው ሁለተኛ እንዳይቆፍሩ ፈረሙ፣ ቦዩ ተደፈነ። በመዝገቡ ላይ «በአርሶ አደር ቁፋሮ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ።

በሚቀጥለው ክረምት ተረፉ የተባሉት ፋይበሮችም ደከሙ። ያኔ ነው ማንሆሉን እንድንከፍት የተላክነው። ክሎዠሩን ስናነሳው ከበደን። ክዳኑን ስንፈታ ቡናማ ውሃ እግራችን ላይ ተደፋ፤ ጠረኑ የረጋ ኩሬ ነው። ኬብሉን የያዘው ብረት ዝጎ ጣት ላይ ይቀራል። ፋይበሮቹ በተጠቀለሉበት ትሪ ላይ ቀጭን ደለል ተኝቶ፣ ፋይበሮቹን ከትሪው ጠርዝ ጋር አጣብቋቸዋል። በ1550 ናኖሜትር የሚጠፋው ብርሃን በ1310 ከሚጠፋው ብዙ እጥፍ የሆነው በዚህ ነበር፤ መታጠፍና መጨመቅ ረጅሙን ሞገድ ነው አስቀድሞ የሚጎዳው። ኬብሉ የሚገባበትን፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ሽፋን በእጄ ያዝ ሳደርገው ዞረ። እንደ ላላ አምባር ዞረ። ቆርጬ ስገልጠው ከሥሩ ያለው የኬብል ልባስ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት አልተፈገፈገም፣ ውሃ እንዳያልፍ በኬብሉ ውስጥ የሚሞላው የጄል ቅባት እንኳ አልተጠረገም። ሙጫው የያዘው ፕላስቲኩን ሳይሆን ቅባቱን ነበር። በዚያ ቀዳዳ ውሃው ክረምት ከክረምት እየገባ ይጠራቀም ነበር ማለት ነው።

ማን እንደዘጋው የሚያውቅ የለም። የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ ቆይተዋል፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ የዘለለው እጅ ምናልባት ዛሬም የሆነ ቦታ በደህና ስም ይሠራል።

ማምሻውን አርሶ አደሩ ቤት ሄድኩ። ቦዩ በመደፈኑ ባቄላቸው ውሃ ተኝቶበት ሥሩ በስብሶ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። «አብሽር፣ አላህ ያውቀው ነበር» ብለው ቡና አስፈሉ፤ ሦስቱንም ሳልጠጣ አልለቀቁኝም፤ ስለ ኬብሉም ሁለተኛ አላነሱም። ቦዩን ራሳቸው መልሰው ከፈቱት። እኔ ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ አዲሱ ጥገና በአዲስ ቁጥር ተመዘገበ፣ የድሮው ፋይል ግን አልተነካም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ፋይሉ ካልተቃጠለ በቀር አሁንም የሰውየውን ስም ይዞ የሆነ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እናንተ ጎበዞች ናችሁ። ፋይበር ስትበይዱ ማሽኑ ሁሉን ያስተካክልላችኋል፤ መቀጠያው ላይ የሚጠፋው ብርሃን 0.05 ዲሲቤል ሳይደርስ ሲቀር እንደ ተራ ነገር ታዩታላችሁ፤ እኛ ግን ለዚያ እንጨፍር ነበር። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መበየዱ ላይ ሰዓት ሙሉ ትቆዩና መዝጋቱ ላይ ትሮጣላችሁ። ሥራው እንዳለቀ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ የደንብ ልብሱ ንጹሕ፣ ክሎዠሩ በደረት ላይ፣ ፈገግታ። ይህ የፎቶ ነገር ያናድደኛል። ሆኖም ልጽፈው ስጀምር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የዚያን የሐረጎ ክሎዠር ከመዘጋቱ በፊት የተነሳ አንድ ፎቶ ቢኖር ኖሮ የአንድ ሰው ባቄላ ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ተነሱ። ፊታችሁን ሳይሆን የተፈገፈገውን ልባስ፣ የተዘረጋውን የክዳን ማሸጊያ ጎሚኒ፣ የተደፈነውን ትርፍ ቀዳዳ አንሱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስሜንና ቀኑን በወረቀት ጽፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ በክዳኑ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስሙን ከሚተው ሰው ይልቅ ስሙን የሚጽፍ ሰው ጎሚኒውን ደግሞ ያየዋል።

ስለ ጓንት፣ ስለ መነጽርና ስለ ማንሆል ጋዝ አልነግራችሁም፤ ያን የማያውቅ ወደ ጉድጓድ አይውረድ። አየር መሙያ ቀዳዳ ያለውን ክሎዠር ከዘጋችሁ በኋላ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው መጠን አየር ሞልታችሁ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ክፈቱትና እንደገና ሥሩት። ይህን የሚዘል ሰው «ዝናብ መጣብን» ይላል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ድንኳን ዘርጉ፤ ድንኳን ከሌለ አትክፈቱ። ኮምቦልቻ ላይ በሞቃት ከሰዓት የዘጋችሁት አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይጥላል፤ የሲሊካ ጄል ከረጢት የሚገባው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። ከካርቶኑ ከወጣ የቆየ ከረጢት ግን ጠግቦ የመጣ ስለሆነ አይጠቅማችሁም።

ኬብሉ ራሱ ውሃ እንዳያስኬድ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ በጄል፣ ወይም ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ክርና ጥብጣብ። መደበኛው ፈተና ሦስት ሜትር ኬብል ወስዶ በአንድ ሜትር የውሃ ከፍታ ግፊት 24 ሰዓት ማቆየት ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ውሃ ካልወጣ አለፈ ይባላል። ጥሩ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው ሐረጎን አያውቅም። በቁልቁለት ላይ የተቀበረ፣ ኬብል የሚያልፍበት ቱቦ ውሃ ሞልቶት አሥር ሜትር ብቻ ከወረደ ግፊቱ በዚያ ፈተና ካለው አሥር እጥፍ ነው። ከላይ በአንድ ማንሆል የገባ ጎርፍ በቱቦው ተንደርድሮ ታች ካለው ክሎዠር ጋር ይጋጠማል። ስለዚህ በቁልቁለት መስመር የቱቦውን አፍ በየማንሆሉ ድፈኑ፤ ባዶውንም ቱቦ ጭምር። መጋዘን ውጭ በድራም ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኬብል ጫፉ ክዳን ከሌለው ክዳን ከማድረጋችሁ በፊት ከጫፉ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ስንት ሜትር የሚለውን ቆርጦ በማየት እንጂ በግምት አትወስኑ። ሹም ስለ ብክነት ከተቆጣ ይቆጣ።

ጄል ስለሌለው ደረቅ ኬብልም ጠይቃችሁኛል። እኔ ለተቀበረ መስመር አላምነውም ስል ኖሬያለሁ። በቤቴ አጠገብ የተዘረጋው ግን ደረቅ ነው፤ እስካሁን ምንም አልሆነም፤ ለመቀጠልም ንጹሕ ነው። እንግዲህ ያላመንኩት እኔ ነኝ እንጂ ኬብሉ አይደለም መሰለኝ። ጄል ያለው ሲገጥማችሁ ግን ለመጥረግ ለዚሁ የተሠራውን ፈሳሽ፣ መጨረሻ ላይም ንጹሕ አልኮል ተጠቀሙ። ስንፍና ይዟቸው ቤንዚን በጨርቅ የሚነክሩ አውቃለሁ፤ ቤንዚን ቅቡንም ልባሱንም ያበላሻል። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ክሎዠር ከፍቼ ክዳኑ ውስጥ ስማችሁን ካገኘሁ ደውዬ ነው የምጠይቃችሁ።